ምጣድ ያለበት ክፍል ሳሎን አይደለም

ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ አሌክሳንድሪያ፣ ጓሮ ባለው የሐበሻ ቤት ጋራዡ ውስጥ መኪና ሲያድር ብዙም አላይም። ወይ ጋራዡ፣ ወይ ጓሮ ያለው ሼድ የእንጀራ ቤት ሆኗል። ነገሩ አዲስ አይደለም። አገር ቤት ማድ ቤቱ ከዋናው ቤት ተነጥሎ ነው የሚሠራው፤ ጭሱና ሽታው ሳሎን እንዳይገባ። እናቶቻችን እዚህም ያንኑ አደረጉ። የእኔ ጥያቄ ግድግዳው ላይ ነው።

ሼዱ ይታደስ ሲባል መጀመሪያ የሚመጣው ሐሳብ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ድራይዎል ይለጠፍ፣ ነጭ ቀለም ይቀባ፣ “እንደ ቤት” ይሁን። እንግዳ ቢያየው አያሳፍርም ነው ነገሩ። እኔ አልስማማም።

ድራይዎል መሃሉ ጅብሰም ነው፤ ፊቱና ጀርባው ግን ወረቀት። የረጠበ ወረቀት ደግሞ የሻጋታ ቀለብ ነው። እንጀራ ሲጋገር ክዳኑ በተነሣ ቁጥር እንፋሎት ይወጣል። በአንድ ቅዳሜ ሠላሳ አርባ እንጀራ ከተጋገረ ያ ሁሉ እንፋሎት የት ይሄዳል? ክረምት ላይ ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ያርፍና ውሃ ይሆናል። በጋው ደግሞ ያው የምናውቀው የዋሽንግተን ወበቅ ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ የቤት ውስጥ እርጥበት ከ60 በመቶ እንዳያልፍ፣ ቢቻል ከ30 እስከ 50 በመቶ እንዲሆን፣ የረጠበ ነገርም ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ እንዲደርቅ ይመክራል። በሩ ተዘግቶ የሚጋገርበት ሼድ ይህን አያሟላም።

ነርሲንግ ስለምማር ይሆናል፣ ግድግዳ ሳይ ቀድሜ የማስበው ሳንባ ነው። አስም ላለበት ሰው ሻጋታ ቀልድ አይደለም። ሦስት ሰዓት ምጣድ ላይ ቆማ የምታስል እናት “ብርድ መቶኝ ነው” ብላ ታልፈዋለች፤ ከኋላዋ ያለውን ጥቁር ነጠብጣብ ማንም አያነሣም። ሆስፒታል ውስጥ የግድግዳ መልክ ሁለተኛ ነው፤ መጀመሪያ የሚጠየቀው ተጠርጎ ይጸዳል ወይ የሚለው ነው።

ስለዚህ የእኔ ምርጫ ይህ ነው። ከሁሉ በፊት እንፋሎቱን ወደ ውጭ የሚያወጣ ፋን። ያለ እሱ የትኛውም ግድግዳ አይበጅም። ምጣዱ የሚጠጋበት ግድግዳ ላይ የሲሚንቶ ቦርድና ሴራሚክ፣ ወይም አይዝጌ ብረት። የቀረው ላይ ምግብ ቤቶች ወጥ ቤታቸው ውስጥ የሚለጥፉት የፋይበርግላስ ፓነል፤ ሊጥ ቢረጭበት በእርጥብ ጨርቅ ይነሣል። አቅም ካነሰ በደንብ ቀለም የጠጣ ፕላይውድም ይሆናል። (በነገራችን ላይ ብዙዎቻችን ቤት ያለው ክብ የኤሌክትሪክ ምጣድ መጀመሪያ የተሠራው ሌፍሰ ለሚባለው የኖርዌይ ቂጣ ነው። እኛ ወሰድነው።)

ድራይዎል ፈጽሞ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ጋራዡ ከቤቱ ጋር የተያያዘ ከሆነ፣ ሁለቱን በሚለየው ግድግዳ ላይ ቢያንስ ግማሽ ኢንች ጅብሰም እንዲኖር የሕንፃ ኮዱ ያዛል፤ እሳት እንዳይሻገር ነው። ለብርድ መከላከያ የሚለጠፈው ፎምም ሳይሸፈን መተው የለበትም፤ ሲቃጠል በፍጥነት ነው፣ ጭሱም መርዝ ነው። እዚያ ላይ ጅብሰሙን ከሥር አድርጎ ፓነሉን ከላይ መለጠፍ ይቻላል። ቤቱ ከ1978 በፊት የተሠራ ከሆነ ደግሞ አሮጌው ቀለም ሊድ ሊኖርበት ስለሚችል ሳይመረመር በአሸዋ ወረቀት አይፈገፈግ፤ በተለይ ሕፃን ባለበት። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት ሞልቷል።

“አገር ቤት በጭቃ ግድግዳ ኖረን የለ?” የሚሉኝ አሉ። አዎ፣ ግን የጭቃ ቤት አሠራሩ ሌላ ነው። ጣሪያውን የሚሸከመው ቋሚው ነው፤ ከጤፍ ጭድ ጋር የተቦካው ጭቃ እርጥበቱን ይጠጣል፣ መልሶ ይተፋል፣ ሲሰነጠቅም እንደገና ይመረጋል። በየጊዜው እንደሚታደስ ታውቆ ነው የሚሠራው። ድራይዎል ግን ተለጥፎ፣ ተቀብቶ፣ ይረሳል።

ሥራው ከተጀመረ አንድ ትንሽ ነገር አስቀድማችሁ ለሠራተኛው ንገሩት፦ ሰፌዱና ክዳኑ የሚሰቀልበት ቦታ ላይ ከፓነሉ ጀርባ አንድ ቁራጭ ፕላይውድ ያስገባ። ፓነሉ ብቻውን ምስማር አይዝም፣ እናቶቻችን ደግሞ ሰፌዱን የትም አያስቀምጡትም፤ ይሰቅሉታል።