ከትምህርት ቤት የተቀበልነው አደራ

የትምህርት ዘመን በተከፈተ ቁጥር ተማሪ ከትምህርት ቤቱ ተቀብሎ ወደ ቤቱ የሚያገባው ዕቃ እንደ ዘመኑ ይለያያል። በቀድሞው ጊዜ ዳዊት የሚደግም ልጅ ከየኔታ እጅ የሚቀበለው የብራና መጽሐፍ ነበር፤ እርሱንም በማኅደሩ ከትቶ በትከሻው ያነግተዋል እንጂ መሬት ላይ አይጥለውም፤ በቆሸሸ እጅም አይገልጠውም ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው ትውልድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የሚያውሰውን የማስተማሪያ መጽሐፍ በጋዜጣ ለብዶ ዓመቱን ሙሉ ተምሮበት በሰኔ ወር ይመልስ ነበር። ዛሬ ደግሞ በባሕር ማዶ፥ ይልቁንም በአሜሪካ አገር የሚኖሩ የወገኖቻችን ልጆች ከትምህርት ቤታቸው ላፕቶፕ ወይም ታብሌት ተቀብለው ይገባሉ። ዕቃው ተለወጠ እንጂ ነገሩ አልተለወጠም። የሌላውን ንብረት ተቀብሎ፥ በሚገባ ተጠቅሞ፥ ጠብቆ መመለስ ነው፤ ይህንንም በቋንቋችን አደራ እንለዋለን።

ልማዱ ከየት እንደ ጀመረ ጥቂት እንናገር፤ የምንጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በአሜሪካ የሜይን ግዛት በ2002 ዓ.ም. በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለሚማሩ የሰባተኛ ክፍል ልጆች ላፕቶፕ ማደል ጀመረ። በ2011 ዓ.ም. ክሮምቡክ የሚባለው ዋጋው ቀለል ያለ ኮምፒዩተር ለገበያ ሲቀርብ ብዙ ትምህርት ቤቶች ለመግዛት ቻሉ። በ2020 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ትምህርት ቤቶችን በዘጋ ጊዜም ልጆች በቤታቸው ሆነው እንዲማሩ መሣሪያው በየቤቱ ገባ። ወረርሽኙ ካለፈ በኋላም ልማዱ በብዙ ቦታ ጸንቶ ቀርቷል።

አሁን በቅርብ የምናውቀውን የአንድ ቤተ ሰብ ታሪክ እንንገራችሁ። አባት ሌሊት ይሠራል፤ እናት ማለዳ ትወጣለች። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጃቸው በትምህርት መጀመሪያ ላይ ላፕቶፕና አራት ገጽ ወረቀት ይዞ መጣ። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነበርና አባት «ምን ይላል ልጄ?» ብሎ ጠየቀ። ልጁም «ላፕቶፕ ሰጥተውናል፤ እዚህ ጋ ፈርም ነው የሚለው» አለ። አባትም ወደ ሥራው ሊሄድ ቸኩሎ ነበርና ፈረመ።

በኅዳር ወር አንድ ማታ ልጁ እስክሪብቶ በፊደል መምቻው ላይ ረስቶ ክዳኑን ዘጋው። በማግሥቱ ሲከፍተው ስክሪኑ ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቆ፥ እኩሌታው ጠቁሮ አገኘው። ለማንም ሳይናገር በቦርሳው ውስጥ ሸሸገው። ከዚያች ቀን ጀምሮ የቤት ሥራውን አንዳንዴ ከጓደኛው ተውሶ፥ አንዳንዴም በእናቱ ስልክ ይሠራ ነበር፤ ብዙውን ጊዜ ግን «ዛሬ ሥራ አልሰጡንም» ይላል። ውጤቱም ከወር ወደ ወር እየወረደ ሄደ። ዕቃው በሚመለስበት በሰኔ ወር የሙሉ ዋጋ ክፍያ የሚጠይቅ ደብዳቤ ቤት ደረሰ። አባት ተቈጥቶ «ለምን አልነገርኸኝም?» ቢለው፥ ልጁ እያለቀሰ «አባባ፥ ገንዘቡን ፈርቼ ነው» አለ። ያን ጊዜ አንድ ዘመድ ተጠርቶ ወረቀቱ ቢነበብ፥ በመጀመሪያው ወር ጥቂት ገንዘብ ለከፈለ ቤተ ሰብ በድንገት የደረሰ ስብራት ያለ ተጨማሪ ዋጋ እንደሚጠገን በሁለተኛው ገጽ ላይ ተጽፎ ተገኘ። ያነበበው ሰው ስላልነበረ የከፈለ አልነበረም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሰው የለም። ሆኖም አደራው ሦስት ጊዜ ወድቋል፤ መጀመሪያ ሳይነበብ ሲፈረም፥ ሁለተኛ እስክሪብቶው ሲረሳ፥ ሦስተኛ ስብራቱ ሲደበቅ። ከሦስቱ የመሣሪያ ጉዳይ የሆነው አንዱ ብቻ ነው፤ እርሱም ከሁሉ የቀለለው ነበር።

ብዙ ወላጆች «እኛ የዚህን ነገር አናውቅም፤ ልጆቹ ይበልጡናል» እያሉ ነገሩን ለልጆቹ ይተዉታል። ልጆች በመሣሪያው አያያዝ መብለጣቸው እውነት ነው። በ2012 ዓ.ም. «ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» የተባለው ድርጅት በአገራችን በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ፊደል ላልቈጠሩ ልጆች በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ ታብሌቶችን አስተማሪ ሳይመድብ ሰጥቶ ነበር። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደ ተናገሩት፥ አንድ ልጅ ሳጥኑን ከፍቶ ማብሪያውን ለማግኘት አራት ደቂቃ ብቻ ፈጀበት፤ ከወራት በኋላም ልጆቹ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ራሳቸው አስከፈቱት። እንግዲህ ልጆቻችን የጎደላቸው የእጅ ብልሃት አይደለም። የሚያስፈልጋቸው አደራ መጠበቅን የሚያስተምራቸው ሰው ነው፤ ይህን ለማስተማር ደግሞ ኮምፒዩተር ማወቅ አያሻም። «አደራ ጥብቅ፥ ሰማይ ሩቅ» የሚለውን እየሰማ ያደገ አባትና እናት ትምህርቱን በእጁ ይዞታል።

የተማሪው ኀላፊነት በሦስት ይከፈላል፤ የእጅ፥ የዐይንና የአንደበት ነው።

የእጅ ኀላፊነት ዕቃውን ከጉዳት መጠበቅ ነው። ላፕቶፕን በሁለት እጅ ከሥሩ ይይዙታል እንጂ ስክሪኑን ጨብጠው አያንጠለጥሉትም። ክዳኑን ከመዝጋት በፊት እስክሪብቶ ወይም የጆሮ ማዳመጫ በላዩ እንዳልቀረ ማየት ይገባል። በቦርሳ ውስጥ ከከባድ መጻሕፍት በታች፥ ከውኃ መያዣም አጠገብ አይቀመጥም። በውስጡ ያለው የሊቲየም ባትሪ ሙቀት ይጎዳዋል፤ ስለዚህ በትራስ ወይም በብርድ ልብስ ሥር አድርጎ ኃይል መሙላት እሳት እስከ ማስነሣት ሊያደርስ ይችላል። እሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ በመኪናው የኋላ ወንበር ላይ ትቶ መውጣትም ለፀሐይም ለሌባም አሳልፎ መስጠት ነው። ቡና በሚፈላበት ረከቦት አጠገብ፥ ታናናሾች በሚሯሯጡበት ምንጣፍ ላይ ማኖርም አይገባም። ለዕቃው አንድ የታወቀ ቦታ ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ ይሰጠው፤ ማታ ማታም ቻርጀሩ እዚያው ይሰካ። እንዲህ የሆነ እንደሆነ ጠዋት «ባትሪ አልቆብኛል» የሚል ምክንያት አይኖርም።

የዐይን ኀላፊነት ዕቃውን ለተሰጠበት ጉዳይ ማዋል ነው። በአሜሪካ በ2000 ዓ.ም. የወጣ የፌዴራል ሕግ፥ ለኢንተርኔት ወጪያቸው የመንግሥት ቅናሽ የሚያገኙ ትምህርት ቤቶች ለልጆች የማይገባ ሥዕል የሚያግድ ማጣሪያ እንዲያደርጉ ያዛል። አንዳንድ ልጆች ይህን ማጣሪያ በቪፒኤንና በመሰል መንገድ ማለፍን እንደ ጀግንነት ይቈጥሩታል። ነገር ግን አጥር የተሠራበትን ምክንያት ሳይጠይቁ አጥር መዝለል ጀግንነት አይባልም፤ ዕቃውንም ሊያስነጥቅ ይችላል። ማጣሪያው ለትምህርት የሚያስፈልገውን ነገር የከለከለ እንደሆነ ለመምህሩ ነግሮ ማስከፈት ነው። እንደዚሁም የይለፍ ቃልን ለጓደኛ መስጠት አይገባም፤ በአንድ ተማሪ ስም የተጻፈ ስድብ ወይም የተሰረቀ መልስ በመጀመሪያ የሚጠየቅበት ባለ ስሙ ነውና። በዕቃው ጀርባ ላይ የተለጠፈውን የትምህርት ቤቱን ቁጥርም መላጥ አይፈቀድም፤ ቢጠፋ ባለቤቱ የሚታወቀው በእርሱ ነው።

ሦስተኛው የአንደበት ኀላፊነት ነው፤ ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው። ዕቃው የተሰበረ፥ ውኃ የነካው ወይም የጠፋ እንደሆነ በዚያው ቀን ለወላጅና ለትምህርት ቤት መናገር ይገባል። ፈሳሽ ከፈሰሰበት ወዲያው አጥፍቶ፥ ቻርጀሩን ነቅሎ፥ እንደገና ሳያበሩ ወደ ትምህርት ቤቱ ማድረስ ነው፤ ሩዝ ውስጥ መቅበር የሚሉት ዘዴ አያድነውም፤ በሠፈር ሰው ማስፈታትም ጉዳቱን ያብሳል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንደሚባለው፥ የተሰነጠቀ ስክሪን ቢነገር ተጠግኖ ወይም ተለውጦ ይመለሳል፤ ቢደበቅ ግን ከዕቃው አልፎ የልጁን ትምህርትና የቤቱን መተማመን ይሰብራል። ከላይ በተረክነው ቤትም ከገንዘቡ ይልቅ ወላጆቹን ያሳዘናቸው ልጃቸው ሰባት ወር ሙሉ ያን ፍርሃት ብቻውን መሸከሙ ነበር።

ወላጆች ሆይ፤ እዚህ ላይ የእናንተም ድርሻ ይመጣል። ልጅ እውነቱን ይዞ ሲመጣ የመጀመሪያው ቃላችሁ ዋጋውን የሚጠይቅ አይሁን። «መናገርህ መልካም ነው፤ አሁን ምን እናድርግ?» ብላችሁ ጀምሩ። ተግሣጹ አይቀርም፤ በቸልታ የሰበረ ልጅ ከኪስ ገንዘቡ ወይም ከሥራው እንዲካስ ማድረግም ተገቢ ነው። ነገር ግን እውነት የተናገረ ልጅ ከደበቀው ልጅ ጋር እኩል ከተቀጣ፥ ሁለተኛ ጊዜ እንዲናገር ምክንያት አይኖረውም።

ያላነበባችሁትን ወረቀት አትፈርሙ። ቋንቋው ከከበዳችሁ አስተርጓሚ መጠየቅ ነውር የለበትም። በዋሽንግተን ዲ.ሲ. በ2004 ዓ.ም. የወጣው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይችሉ ነዋሪዎች እንዲያስተረጉሙ ያዛል፤ አማርኛም አገልግሎቱ ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። በሌላም ስፍራ ብዙ ትምህርት ቤቶች ሲጠየቁ ያስተረጉማሉ። ልጁ ራሱ ስለሚፈርምበት ግዴታ ልጁን ብቻ አስተርጓሚ ማድረግ ግን ለእርሱም ለእናንተም አይበጅም። ወረቀቱ ሲነበብ አራት ነገር ጠይቁ፤ ቢሰበር ማን ይከፍላል? የጥገና ዋስትና አለው ወይ፥ እስከ መቼስ ይከፈላል? ቢሰረቅ ለማን ይነገራል? የሚመለሰው መቼ ነው?

ደግሞም ዕቃው የቤተ ሰብ ዕቃ አለመሆኑን አስቡ። በልጃቸው ላፕቶፕ የባንክ ሒሳብ የሚከፍቱ፥ የመኖሪያ ፈቃድ ወረቀት የሚያስቀምጡ ወላጆች አሉ። ይህ መልካም አይደለም። በትምህርት ቤት ዕቃ ላይ የሚደረገውን ትምህርት ቤቱ ሊያይ ይችላል፤ ልጁ ትምህርት ቤት ሲለቅም መዝገቡ ተዘግቶ የተቀመጠው ሁሉ ሊጠፋ ይችላል። በ2010 ዓ.ም. በፔንሲልቬንያ ግዛት አንድ የትምህርት ወረዳ በሰጣቸው ላፕቶፖች ካሜራ ተማሪዎችን በቤታቸው ሳሉ ፎቶግራፍ ያነሣ እንደ ነበር ታውቆ ክስ ቀረበበት። ወረዳው የጠፉ ዕቃዎችን ለመፈለግ ነው ቢልም በመጨረሻ 610,000 ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። አደራ በሰጪውም ላይ ግዴታ አለበት ማለት ነው፤ ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ምን እንደሚያይና ምን እንደማያይ መጠየቅ የወላጅ መብት ነው። ልጅም ዕቃውን በመኝታ ክፍሉ ከሚከፍት ይልቅ ሁሉ በሚቀመጥበት ክፍል ቢሠራበት ይሻላል።

ይህ ምክር በባሕር ማዶ ላሉት ብቻ የተነገረ አይደለም። በአገር ቤትም ልጅ ከትምህርት ቤቱ የተዋሰው መጽሐፍ፥ በኮምፒዩተር ክፍል ከሌሎች ጋር የሚጋራው መሣሪያ ያው አደራ ነው፤ ዛሬ እርሱ የሰበረው ነገ ሌላው ልጅ የሚማርበት ነውና።

ያ ቤተ ሰብ ዕዳውን በየወሩ ከፍሎ ጨረሰ፤ ልጁም በክረምቱ የጎረቤት ሣር እያጨደ የድርሻውን አገዘ። በተከታዩ ዓመት አዲሱ ወረቀት ሲመጣ አባት አስቀድሞ ከትምህርት ቤቱ አስተርጓሚ አስጠርቶ ሰማ፤ ከዚያም ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከልጁ ጋር ተቀምጦ አራቱንም ገጽ እንደገና አነበቡት። የዋስትናውንም ገንዘብ በዚያው ሳምንት ከፈሉ። ልጁ የራሱን ስም ሲፈርም አባት «አሁን ሁለታችንም የፈረምንበትን እናውቃለን» አለው። ወረቀት በእጃችሁ ያለ አንባብያን ሆይ፥ እናንተም ቅዳሜ ሳያልፍ ከልጆቻችሁ ጋር አንብቡት።