ቻይና ስትደርስ ሸማኔው ወድቆ ነበር

ከእንጦጦ ግርጌ፣ ሽሮ ሜዳ፣ ለሠርግ ወይም ለበዓል ልብስ ሊገዛ የሄደ ሰው ይህን ንግግር ያውቀዋል። ባለሱቋ አንዱን ቀሚስ ታነሳና «ይሄ የእጅ ነው» ትላለች፤ ሌላውን ታነሳና «ይሄኛው የቻይና ነው» ትላለች። የሁለተኛው ጥበብ በክር የተለፋበት አይደለም፤ በማሽን የታተመ ነው። ከሩቅ ሲያዩት ያው ይመስላል፣ ዋጋው ግን በጣም ይራራቃል። ገዢዋ «ወይ ሸማኔዎቻችን! ጨረሷቸው እኮ» ትልና የቻይናውን አስጠቅልላ ትሄዳለች።

አልፈርድባትም፤ ኑሮው ይታወቃል። የምሟገተው ከአባባሉ ጋር ነው። «ቻይና ጨረሰቻቸው» የሚለው ንግግር ከገበያው አልፎ የስብሰባና የቴሌቪዥን ውይይት ማጣፈጫ ሆኗል። መድኃኒቱም አብሮ ይታዘዛል፦ የሀገር ልብስ እንልበስ፣ ጉምሩክ ይጥበቅ፣ ሸማኔው ይሠልጥን። ከሦስቱ በአንዱም ውስጥ፣ ሸማኔው ለአንድ ጥበብ ስንት እንደሚከፈለው የሚቆርጠው ማን ነው የሚል ጥያቄ የለም።

ማሽን ለዚህ ሙያ አዲስ እንግዳ አይደለም። በምኒልክ ዘመን ከውጭ ፋብሪካ የመጣ አቡጀዲ ገበያውን ሞልቶት ነበር፤ ሸማኔው ግን አልጠፋም። እንዲያውም የፋብሪካ ክር እየገዛ ድር አደረገው፣ የእጅ ፈትል ለማጉ ብቻ ቀረ። በዚያ ለውጥ የተጎዳችው እንዝርት ይዛ የምትፈትለው ሴት ነበረች። ለእሷ ዘመቻ የጠራላት መኖሩን አልሰማሁም፤ ሸማኔውም ቢሆን ርካሽ ክር ሲያገኝ ስለ እሷ ብሎ አልተወውም። አንዱ ማሽን ለአንዱ ሲሳይ፣ ለሌላዋ መከራ ሆነ። ልዩነቱ የመጣው ዋጋ ሲቆረጥ ማን ምን የማለት አቅም አለው ከሚለው ነው።

ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች በሽሮ ሜዳና በጉለሌ ከሰፈሩ ትውልዶች አልፈዋል። ሸማኔው እግሩን የሽመና ጉድጓዱ ውስጥ አስገብቶ መወርወሪያውን ከቀኝ ግራ ሲወረውር ይውላል። ክሩን ብዙ ጊዜ በዱቤ የሚሰጠው ነጋዴው ነው። ልብሱ ሲያልቅ የሚረከበው ያው ነጋዴ ነው፤ የክሩን ሒሳብ የሚቀንሰውም እሱ፣ የእጁን ዋጋ የሚነግረውም እሱ። «በዚህማ አልሰጥም» ያለ ሸማኔ ለነገ ክር የለውም፣ ለቤት ኪራይም የለውም። ግድግዳ የሚጋራው ባልደረባው ስንት እንደተቀበለ በእርግጠኝነት አያውቅም። ልብሱ ሱቅ ከገባ በኋላ፣ ይልቁንም ዋሽንግተን ደርሶ በዶላር ሲሸጥ፣ ስንት እንዳወጣ የሚነግረው የለም። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ነጋዴው የክር ዋጋ ጨመረ ብሎ የልብሱን ዋጋ ማንሳት ይችል ነበር። ሸማኔው ምን ብሎ፣ ለማን ብሎ ያነሳል?

የእጅ ዋጋ መውረድ የት ድረስ እንደሚሄድ ማየት የሚፈልግ፣ «አዲስ አበባ ወስደን እናስተምራችኋለን» ተብለው ከጋሞ መንደሮች መጥተው ሽመና ቤት የሚውሉትን ልጆች ይጠይቅ። ነገሩ ምስጢር አይደለም፤ ለዓመታት ተጠንቷል፣ ተጽፏል። ልጁን ጉድጓዱ ውስጥ ያስቀመጠው የቻይና ፋብሪካ አይደለም። ደመወዝ የማይጠይቅ እጅ ያለው ቤት በርካሽ ያስረክባል፤ ጎረቤቱ ያለው የልጆች አባት የሆነ ሸማኔም በዚያው ዋጋ ለመሥራት ይገደዳል። እርስ በርስ መወዳደሩ በሰፈር ውስጥ ተጀምሮ በሰፈር ውስጥ ያለቀ ነው።

ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን በሙያቸው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ» ማለት ያኔ የዕለት ተዕለት ንግግር ነበር። ስድቡ ዛሬ ከአፍ ወጥቷል ማለት ይቻላል፤ ከሒሳቡ ግን አልወጣም። ልብሱን የሀገር ኩራት እንለዋለን፣ በበዓል ለብሰነው ፎቶ እንነሳለን፣ የሠሪውን ቀን ግን ከቀን ሠራተኛ ቀን አሳንሰን እንተምነዋለን።

ሕጉስ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ባሉበት ድርጅት የሠራተኛ ማህበር ማቋቋም ይፈቅዳል፤ ከአሥር በታች የሆኑትም ከሌላው ጋር ተጣምረው ማቋቋም ይችላሉ። ነገር ግን በራሱ የንግድ ወይም የሙያ ኃላፊነት ዋጋ እየተከፈለው የሚሠራን ሰው ከአዋጁ ውጭ ያደርገዋል። በቁርጥ የሚከፈለው ሸማኔም በተግባር የሚታየው እንደ ባለሀብት ነው፤ ክሩ የሰው፣ ዋጋው የሰው፣ ኪሳራው ግን የራሱ የሆነ ባለሀብት። እንደ ሠራተኛ ስለማይቆጠር አሠሪ የለውም፤ አሠሪ ስለሌለው የሚደራደረው የለም። ይኸው አዋጅ ዝቅተኛ ደመወዝን የሚወስን ቦርድ እንደሚቋቋም ይናገራል። ዓመታት አለፉ፤ የግሉ ዘርፍ የደመወዝ ወለል እስካሁን የለውም።

ይህ የእጅ ሙያ ችግር ብቻ ነው፣ ሥልጣኔ ሲመጣ ይጠፋል የሚል ካለ ወደ ሐዋሳ ይመልከት። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ሲመረቅ ለውጭ ባለሀብት ከቀረቡት ማባበያዎች ግንባር ቀደሙ ርካሽ ጉልበት ነበር። በ2011 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የስተርን ማዕከል ባወጣው ሪፖርት መነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር ነበር፤ የባንግላዴሹ 95። ከዓለም ልብስ ሰፊዎች ሁሉ ዝቅተኛው ክፍያ መሆኑንም ጽፏል። ከሲዳማ ገጠር የመጡት ወጣት ሴቶች በዚያ ገንዘብ ቤት ተከራይተው መኖር አቃታቸው፤ ብዙዎች ጥለው ሄዱ፤ አስተዳዳሪዎቹም «የሥራ ባህል የላቸውም» አሉ። ኅዳር 2014 የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት ፒቪኤች ፋብሪካውን ዘግቶ ወጣ፤ በሚቀጥለው ወር አሜሪካ ለኢትዮጵያ ምርት የሰጠችውን ከቀረጥ ነፃ ዕድል ዘጋች። ርካሽነቱ ፒቪኤችን አላስቀረውም። የሰሜኑ ጦርነትና ፖለቲካ ከ26 ዶላር በላይ ከበዱ። ሠራተኛዋ ግን ያንን ዋጋ የተቀበለችው «ካልሆነ ይሄዳሉ» እየተባለች ነበር፤ ተቀበለች፣ እነሱም ሄዱ።

ወደ እንጦጦ ተራራ ልመለስ። በየካ በኩል ወደ ፈረንሳይ ሰፈርና ወደ ኮተቤ፣ በወዲህ ደግሞ ወደ ሽሮ ሜዳ፣ ከባሕር ዛፉ እንጨትና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶችን የማያውቅ አዲስ አበቤ የለም። ሸክማቸው ከገዛ ክብደታቸው ጋር የሚፎካከር ነው። በእነሱ ላይ የወደቀ የውጭ ማሽን የለም፣ ዶላር የለም፣ ቻይናም የለችም። ዋጋቸው ግን ሁልጊዜ መሬት ነው፤ እያንዳንዷ ለየብቻዋ ታችኛው ሰፈር ደርሳ፣ ጉልበቷ አልቆ፣ መሽቶባት ነውና የምትሸጠው። ሸክሙን መልሳ ወደ ላይ አትወጣበትም፤ ገዢው ይህን ያውቃል። ከእነሱ መካከል በዓለም ሥራ ድርጅት ጥናትና ድጋፍ ተነስተው በማህበር የተደራጁ ነበሩ፤ እንጨቱን ትተው እዚያው ተራራው ላይ ሽመና ያዙ፣ ነጠላና ሻርፕ እየሠሩ ለጎብኚ ራሳቸው ይሸጣሉ። የያዙት ሙያ ያው ከታች ያለው ሸማኔ የሚራብበት ሙያ ነው። የተለየው ክሩን በጋራ መያዛቸውና ገዢውን ፊት ለፊት ማየታቸው ነው። ሀብታም ሆኑ አልልም፤ ዋጋ ሲነገር ግን እነሱም ይናገራሉ። በ2013 የእንጦጦ ፓርክ ሲከፈት ስለ ጎብኚው መንገድና ስለ ካፌው ብዙ ተወራ፤ ይህ የማህበር ልምድ ወደ ሽሮ ሜዳ ቢወርድ ስለሚለው ግን ብዙ አልተወራም።

«ሸማኔው ዋጋ ካስጨመረ ገዢው ጭራሽ ወደ ታተመው ይሸሻል» የሚሉኝ አሉ። ክርክሩን አልንቀውም። ግን የእጁን ቀሚስ የሚገዛው ሰው ቀድሞውኑ ብዙ እጥፍ እየከፈለ ነው፤ የእጅ መሆኑን ፈልጎ ነው የሚከፍለው። ያ ገንዘብ አለ፤ ጥያቄው በመንገድ ላይ የት እንደሚቀር ነው። ክር በጋራ ለመግዛት የሚያስችል ብድር፣ በየጥበቡ ዓይነት በግልጽ የተለጠፈ የቁርጥ ዋጋ፣ በቁርጥ የሚሠራውን ሰው በማያሻማ መልኩ ሠራተኛ ብሎ የሚቀበል የአዋጅ ማሻሻያ፤ ከእነዚህ አንዱም የቻይናን ፈቃድ አይጠይቅም። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማህበራት ኮንፌዴሬሽንም (ኢሠማኮ) ቢሆን በፋብሪካ በር ላይ ብቻ ከመቆም ለዚህ ሰፈርም ቢሟገት የሚከለክለው የሐሳብ ስንፍና ነው።

እስኪ ጉምሩክ ነገ ጠዋት የታተመውን ጨርቅ አንድ ሜትር ሳያሳልፍ አገደው እንበል። የእጁ ልብስ ተፈላጊነት ይጨምራል፣ የሱቁ ዋጋ ይወጣል። ሸማኔው ግን ክሩን አሁንም ከዚያው ነጋዴ በዱቤ ይወስዳል፣ በፋሲካ ዋዜማም የእጁ ዋጋ ስንት እንደሆነ አሁንም ከዚያው ነጋዴ ይሰማል።