የቪ8ቱን ነዳጅ ማን ነው የሚከፍለው?

አውሮፓ ውስጥ «ስቴሽን ዋገን» ማለት ዝቅ ያለ፣ ኋላው ረዘም ያለ የቤተሰብ መኪና ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን ይህ ስም ሲነሳ ሰው ዓይኑ ላይ የሚመጣው ላንድ ክሩዘር ነው። ላንድ ክሩዘር ሲባል ደግሞ፣ ከአሥር ዓመት በላይ ለሆነ ጊዜ፣ ቪ8። መስታወቱ ጠቆር ያለ፣ ሾፌሩ ከፊት፣ ባለጉዳዩ ከኋላ።

ስለዚህ መኪና ብዙ ተብሏል። ስለ መግዣው ዋጋ በየሻይ ቤቱ ይወራል፣ ስለ ክብሩ ይቀለዳል። በየቀኑ ስለሚጠጣው ነዳጅ ግን የሚያወራው ጥቂት ነው። መግዣው አንድ ጊዜ ተከፍሎ ያልቃል። ነዳጁ ግን መኪናው እስኪወገድ ድረስ በየቀኑ ይከፈላል፤ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ፣ በጅቡቲ ወደብ በኩል በቦቴ ተጭኖ የሚመጣ ነዳጅ ነው።

መጀመሪያ መኪናው ራሱ ፍርድ ያግኝ። ቶዮታ በ2007 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ላንድ ክሩዘር 200፣ የናፍጣው ሞተር 4.5 ሊትር ነው። ስምንት ሲሊንደርና ሁለት ተርቦ አለው። መኪናው ሰውና ዕቃ ሳይጫንበት ከ2.6 ቶን በላይ ይመዝናል። አውስትራሊያ ውስጥ ሲሸጥ መጀመሪያ የተመዘገበለት የነዳጅ ፍጆታ በ100 ኪሎ ሜትር 10.3 ሊትር ነበር፤ በእኛ አገር አነጋገር በሊትር ወደ አሥር ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ለዚህ ክብደትና ለዚህ ጉልበት ቁጥሩ አያሳፍርም። ባለሙያ ሾፌር በደህና አስፋልት፣ በሰዓት 80 እያለ ረጋ ብሎ ከነዳው ከዚህ ብዙም ላይርቅ ይችላል።

ለኢትዮጵያ መልክዓ ምድር ይህ ጉልበት ትርፍ ነው የሚል ካለም ተሳስቷል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነች። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው፤ ተርቦ የሌለው ሞተር ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው አቅም ሩብ ያህሉን ያጣል። ተርቦ ያለው ግን አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ ብዙውን ያካክሳል። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ከሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ወደ ደጀን ያንኑ ያህል መልሶ የሚወጣ፣ ሰባት ሰውና የሳምንት ስንቅ የጫነ መኪና ጉልበት ያስፈልገዋል። ክረምት ላይ ጭቃ የዋጠውን የወረዳ መንገድ ለመሻገርም ቢሆን ከፍ ያለ ሻንሲና አራት ጎማው የሚጎትት መኪና ቅንጦት አይደለም። የክትባት መድኃኒት የሚያደርስ፣ ድርቅ የሚያጣራ፣ የተሰበረ ድልድይ የሚያይ መሐንዲስ በቪትዝ ይሂድ የሚል ሰው የለም።

ችግሩ መኪናው የሚውልበት ቦታ ላይ ነው። አባይ በረሃን እንዲሻገር የተሠራው መኪና ዕድሜውን የሚፈጀው ከመገናኛ አራት ኪሎ፣ ከአራት ኪሎ ቦሌ፣ ከቦሌ ሆቴል ስብሰባ ሲመላለስ ነው።

ከተማ ውስጥ ነዳጅ የሚበላው ፍጥነቱ አይደለም፤ ክብደቱና መቆሙ ነው። ማንኛውም መኪና ከቆመበት ተነስቶ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እስኪደርስ የሚጠይቀው ኃይል በቀጥታ በክብደቱ ልክ ይጨምራል። ከ2.6 ቶን በላይ የሆነው መኪና አንድ ቶን ገደማ ከምትመዝን ትንሽ መኪና ከሁለት ተኩል እጥፍ በላይ ኃይል ይፈልጋል። ከዚያ ሃምሳ ሜትር ሳይሄድ መብራት ይይዘዋል። ሾፌሩ ፍሬን ሲረግጥ ያ ሁሉ በናፍጣ የተገዛ ኃይል በፍሬኑ ሸራ ላይ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። መብራቱ ሲለቅ እንደገና ከዜሮ ይጀመራል። ከሲኤምሲ እስከ አራት ኪሎ በጠዋቱ ሰልፍ ይህ ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም የሚያውቀው ያውቀዋል።

መቆሙም አለ። ትልቅ የናፍጣ ሞተር ሳይንቀሳቀስ ቆሞ ሲሠራ፣ በተለይ ኤሲ ከተከፈተበት፣ በሰዓት አንድ ሊትርና ከዚያ በላይ ይጠጣል። ባለሥልጣኑ ስብሰባ ላይ ነው፤ ሾፌሩ ከታች ሞተሩን አስነስቶ ሬዲዮ ያዳምጣል። ማንም አጥፋው አይለውም፤ ሲወጡ መኪናው ቀዝቅዞ እንዲጠብቃቸው ታዝዞም ሊሆን ይችላል።

አሁን ስሌቱ ይታይ። ግምት ነው፤ የተሻለ ቁጥር ያለው በራሱ ይተካው። መኪናው በከተማ ሰልፍ ውስጥ በ100 ኪሎ ሜትር 16 ሊትር ይጠጣል ይባል፤ በሊትር ስድስት ኪሎ ሜትር ከሩብ ማለት ነው። በቀን 40 ኪሎ ሜትር፣ በወር 25 ቀን ሲሄድ 1,000 ኪሎ ሜትር ይሞላል፤ ይህም 160 ሊትር ነው። በቀን ሁለት ሰዓት ሞተሩ እየሠራ ቢቆምና በሰዓት አንድ ሊትር ብቻ ቢታሰብ፣ 50 ሊትር ይጨመራል። ድምሩ በወር 210 ሊትር ሆነ። ናፍጣ ዛሬ በመቶ ብር የሚገኝ ባይሆንም፣ ለስሌት እንዲመች በመቶ ብር ይያዝ፦ 21,000 ብር። ጎማ፣ ዘይት፣ ኖዝልና የሾፌር ደመወዝ ገና አልተቆጠሩም።

ይህን ቁጥር ከሌላ ቁጥር ጎን ማስቀመጥ ይጠቅማል። ከመስከረም 2018 ጀምሮ በተደረገው የደመወዝ ማሻሻያ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ መንግሥት ቤት የሚቀጠር ሰው መነሻ ደመወዝ 11,500 ብር ነው። አንድ ቪ8 ከተማ ውስጥ ብቻ በወር የሚያቃጥለው ነዳጅ፣ የዚህን ምሩቅ ደመወዝ ወደ ሁለት እጥፍ ይጠጋል። የመምህሩ ደመወዝ ጭማሪ በጀት የለም ተብሎ ሲዘገይ፣ የነዳጁ ኩፖን ግን ዘግይቶ አያውቅም።

የግል ባለቤቶችም አሉ። ከነጋዴው እስከ ዳያስፖራው፣ ገንዘቡ ያለው ሰው በገዛ ኪሱ ቪ8 ቢነዳ ማንም ሊፈርድበት አይገባም። እነዚህ ሰዎች ዘንድ የሚታየው ነገር ግን ትምህርት ይሰጣል። በሐምሌ 2014 መንግሥት የነዳጅ ድጎማን ደረጃ በደረጃ ማንሳት ሲጀምር ናፍጣ በሊትር ከ50 ብር በታች ነበር። ዋጋው እያደገ ሲሄድ የግል ባለቤቱ ጠባዩን አስተካከለ። ትልቁን መኪና ለክፍለ ሀገር መንገድ፣ ለሠርግና ለለቅሶ አቆየው፤ ለከተማው ትንሽ መኪና፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛ። ምክር የሰጠው የለም፤ ማደያ ላይ በቴሌብር ሲከፍል ስልኩ የሚያሳየው ቁጥር በቂ ነበር።

ኮድ 4 ሰሌዳ የለጠፈው መኪና ግን ይህ ቁጥር አይደርሰውም። የሚሳፈርበት ሰው የሊትሩን ዋጋ አይከፍልም፤ የሚነዳው ሰውም አይከፍልም፤ ኩፖኑን የሚሰጠው የንብረት ክፍል ሠራተኛም ከራሱ አያወጣም። ሦስቱም ነዳጁን ያዩታል፣ አንዳቸውም ግን አይሰማቸውም። የመኪና ነዳጅ ቆጣቢነት ከሞተሩ ይልቅ በከፋዩ እንደሚወሰን ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም። ሞተሩ ያው አንድ ሞተር ነው። በግል እጅ ሲሆን በሳምንት አንዴ ይወጣል፤ በመንግሥት እጅ ሲሆን ልጅ ከትምህርት ቤት ያመጣል፣ አትክልት ተራ ይሄዳል። ስምሪት ክፍሉ ይህን አያውቅም ማለት አይቻልም። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የተባለው ግን ዛሬም በየመሥሪያ ቤቱ ግቢ በሥራ ላይ ነው።

«መኪናው ያስከብራል፤ ለደኅንነትም ያስፈልጋል» የሚል መልስ ይሰማል። ለጥቂት ኃላፊዎች የደኅንነቱ ነገር እውነት ሊሆን ይችላል፤ እነሱን ለይቶ ማስቀመጥም ይቻላል። ክብሩ ግን ሌላ ነው። ሕዝብ አንድን ኃላፊ የሚያከብረው ጉዳዩን በጊዜ ሲፈጽምለት ነው። በሰልፍ ውስጥ ቆሞ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ የጫነ ግዙፍ መኪና በአጠገቡ ሲያልፍ የሚሰማው ስሜት ደግሞ አክብሮት አይደለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ስሌት አለ። ኢትዮጵያ ውስጥ መኪና የሚለካው «በሊትር ስንት ይሄዳል?» በሚለው ጥያቄ ነው። ይህ አለካክ ያታልላል። በሊትር 14 ኪሎ ሜትር የምትሄድ ትንሽ መኪና በሊትር 20 በምትሄድ ብትተካ፣ በ1,000 ኪሎ ሜትር የሚተርፈው 21 ሊትር ገደማ ነው። በሊትር 6 የሚሄደው ትልቅ መኪና በሊትር 8 በሚሄድ ቢተካ ግን የሚተርፈው 42 ሊትር ገደማ ነው። ከስድስት ወደ ስምንት ሁለት ቁጥር ብቻ ስለሆነ ትንሽ ይመስላል፤ ነዳጁ ግን እጥፍ ነው የዳነው። አገር ነዳጅ መቆጠብ ከፈለገ የሚጀምረው ከትልልቆቹ መሆን አለበት ማለት ነው።

በተግባር የሆነው ግን የተገላቢጦሽ ነው። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ላይ ከባድ ታክስ ጫነ፤ የመካከለኛ ገቢ ሰው ይገዛት የነበረችው ያገለገለች ትንሽ መኪና ዋጋዋ ሰማይ ነካ። በጥር 2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። በሐምሌ 2016 ብሩ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ነዳጅም አብሮ ተወደደ። እያንዳንዱ ውሳኔ የራሱ ምክንያት አለው፤ የኤሌክትሪክ መኪናውም ሐሳብ በውኃ ኃይል ለሚበራ አገር ትክክለኛ አቅጣጫ ነው። ሆኖም ሁሉም የሚያዩት ገና የሚገባውን መኪና ወይም ከኪሱ የሚከፍለውን ሰው ነው። አስቀድሞ ገብቶ በየመሥሪያ ቤቱ ግቢ የቆመውን፣ በበጀት የሚነዳውን ቪ8 አንዳቸውም አልነኩትም።

ቶዮታ ራሱ እንኳ ቪ8ቱን ትቶታል። በ2021 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ላንድ ክሩዘር 300 የናፍጣ ሞተሩ ስድስት ሲሊንደርና 3.3 ሊትር ነው። ጉልበቱ ከቀድሞው ይበልጣል፣ የሚጠጣው ያንሳል፣ መኪናውም 200 ኪሎ ገደማ ቀለለ። ፋብሪካው ለክብሩ ሲል ስምንቱን ሲሊንደር አላቆየም። ይህ ማለት ግን አዲሱ ይገዛ ማለት አይደለም፤ እሱም ቢሆን ከተማ ውስጥ ቆሞ ከዋለ ያው ነው።

መፍትሔው አዲስ ግዢ አይጠይቅም። አንደኛ፣ ትልልቆቹ መኪኖች ከግለሰብ ኃላፊ ተነጥለው በስምሪት ሥር ይሁኑ፤ ከከተማ የሚወጣ ሥራ ያለው የሥራ ክፍል በተራ ይውሰዳቸው። ወረዳ ላይ መኪና አጥቶ የቆመ የጤና ባለሙያ እያለ መኪናው ካዛንቺስ ላይ አቧራ ሊጠጣ አይገባም። ሁለተኛ፣ ለከተማ ሥራ ኃላፊው በትንሽ መኪና ወይም በኤሌክትሪክ ይሂድ። ሦስተኛ፣ ቆሞ ሞተር ማሠራት በመመሪያ ይከልከል፤ ይህ አንድ ሳንቲም አያስወጣም። አራተኛና ዋናው፣ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት በየሩብ ዓመቱ እያንዳንዱ መኪና ስንት ኪሎ ሜትር ሄዶ ስንት ሊትር እንደጠጣ በይፋ ያውጣ። የነዳጅ ክፍያ በዲጂታል ከሆነ ወዲህ መረጃው አለ፤ የቀረው ከኪሎ ሜትር ቆጣሪው ጋር አስተያይቶ መለጠፍ ብቻ ነው። ፓርላማው በጀት ሲያጸድቅ «ነዳጅና ቅባት» የሚለውን አንድ መስመር አይቶ ከማለፍ፣ ይህን ሰንጠረዥ ይጠይቅ።

አንዳንዱ «ከጠቅላላው የነዳጅ ወጪ አንጻር ይህ ጠብታ ነው» ይል ይሆናል። አብዛኛው ነዳጅ በጭነትና በሕዝብ ማመላለሻ መኪኖች እንደሚሄድ ግልጽ ነው። ነገር ግን ሕዝቡ የነዳጅ ጭማሪን በታክሲ ታሪፍ፣ በጤፍና በሽንኩርት ዋጋ ሲሸከም፣ ጭማሪውን የሚያስታውቀው ኃላፊ የሊትሩ ዋጋ በማይሰማው መኪና ከመጣ፣ ንግግሩን የሚሰማው አያገኝም። ቁጠባን የሚሰብክ ሰው ከራሱ መኪና ቢጀምር፣ የሚተርፈው ናፍጣ ብቻ አይደለም፤ በሚቀጥለው ጭማሪ ጊዜ ለሕዝቡ «ታገሡ» ለማለት የሚያበቃውን አንደበትም ያገኛል።