ስፖንሰሩስ?

የአክስቴ ልጅ ፋርማሲ የተመረቀ ዕለት፣ ጋውኑን ገና ሳያወልቅ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ እዚያ ሜሪላንድ ስፖንሰር የሚሆነኝ መድኃኒት ቤት ፈልግልኝ» አለ። ድግሱ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ላለመቸለስ «እስቲ እንጠይቃለን» አልኩት። ጥፋቴ ከዚያ ይጀምራል።

ስፖንሰር የሰልፉ መጨረሻ ላይ የቆመ ነገር ነው። ውጭ የተማረ ሰው ናፕሌክስ የሚባለውን ብሔራዊ ፈተና ከመቀመጡ በፊት የፋርማሲ ቦርዶች ማኅበሩን የአቻነት ፈተና ማለፍ አለበት። እ.ኤ.አ. ከ2003 ወዲህ የተመረቀ ሰው የአምስት ዓመት ትምህርት ካላሳየ ደግሞ ለዚያም አይደርስም። ብዙዎችን ለዓመታት አንቆ የያዘው ግን የቶፍል የንግግር ክፍል ነው፤ እስከ 2025 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ከ30 ቢያንስ 26 ይጠየቅ ነበር። የመድኃኒቱን ባሕርይ በቃሉ የሚያንበለብል ልጅ ማይክሮፎን ፊት ሲቀመጥ ምላሱ ይተሳሰራል።

ዋናው ቋጠሮ ከዚህ በኋላ ነው። ብዙ ክፍለ ግዛቶች 1,500 ሰዓት ገደማ ልምምድ ይጠይቃሉ። ለመለማመድ የሥራ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ኤች-1ቢ የሚባለው የሥራ ቪዛ ደግሞ በአብዛኛው የሙያ ፈቃዱን አስቀድሞ ይፈልጋል። ቁልፉን ሳጥን ውስጥ አድርጎ ሳጥኑን መቆለፍ ማለት ይኼ ነው።

ቪዛው ራሱ ዕጣ ነው፤ ኮታው በዓመት 85,000፣ ከዚያም 20,000ው አሜሪካ ውስጥ ማስተርስና ከዚያ በላይ ለተማሩ። በመስከረም 2025 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ከውጭ አዲስ ሠራተኛ በሚያስመጣ ቀጣሪ ላይ 100,000 ዶላር ተጣለ። የመድኃኒት ቤት ሰንሰለቱ ዋልግሪንስ 2024 ላይ 1,200 ያህል መደብሮች እዘጋለሁ ባለበት፣ ተፎካካሪው ራይት ኤይድ ጭራሹን በጠፋበት ገበያ ይህን የሚከፍል የሰፈር ፋርማሲ አለ ብሎ የሚምል ደላላ ግን አይጠፋም።

እዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የማውቃቸው ሐበሻ ፋርማሲስቶች በዲቪ ወይም በጋብቻ የመጡ ናቸው። አንዷ ስድስት ዓመት ፈጅቶባታል፤ ቀን ቴክኒሺያን ሆና ክኒን ትቆጥራለች፣ ሌሊት ታጠናለች። ከአገር ቤት ለሚነሳ ልጅ ለእኔ የሚታየኝ በተማሪ ቪዛ መጥቶ ማስተርስ ወይም ዶክትሬት መማር ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ቢቀጥረው ቢያንስ ከዕጣው ይድናል።

ባለፈው ሳምንት ልጁ እንደገና ደወለ።

«ጋሼ፣ ስፖንሰሩስ?»

«ቶፍሉን መቼ ትወስዳለህ?»

ዝም አለ። «ኔትወርኩ ይቆራረጣል» አለኝ።