ስለ ወለቀው ኪቦርድ ያለኝ አስተያየት

በዚህ መጽሔት ላይ ስለ ትምህርት ጥቅም፣ ስለ አገር ፍቅርና ስለ መልካም ጠባይ ብዙ ጓደኞቼ እንደሚጽፉ አውቃለሁ። እኔ ግን የምጽፈው ከኮምፒውተር ጀርባ ስለምትወልቅ አንዲት ገመድ ነውና፣ ነገሩ አነስተኛ ቢመስላችሁም እስከ መጨረሻው እንድታነቡልኝ እለምናለሁ።

ባለፈው ክረምት ዲላ ከተማ አክስቴ ዘንድ ተቀምጬ በአንድ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ቤት እማር ነበር። አንድ ቀን በጽሕፈት መለማመጃ ፕሮግራም ላይ ስጽፍ የጎረቤቴ ጉልበት ጠረጴዛውን ነካውና የኪቦርዴ ገመድ ወለቀ። ወዲያው መልሼ ሰካሁት፤ የኪቦርዱም መብራት በራ። ፕሮግራሙ ግን አንዲት ፊደል እንኳ አልቀበል አለ፤ የኮምፒውተሩም ማራገቢያ እንደ እህል ወፍጮ ይጮኽ ጀመር። አሠልጣኙ መጥተው «አንቺ ነሽ የነቀልሽው?» አሉኝ። «ኧረ ጋሼ፣ ራሱ ነው የወለቀው» ብል ማን ይሰማኛል! ኮምፒውተሩ ጠፍቶ እንደገና ሲነሣ የአርባ ደቂቃ ሥራዬ አብሮ ጠፋ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ባልጻፍኩት ነበር። ነገር ግን እንደሚታወቀው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ከወረቀቱ ጎን በኮምፒውተርም መሰጠት ጀምሯል። እንግዲህ አሥራ ሁለት ዓመት የተማርንበት ዋጋ ኪቦርድና ማውስ በሚባሉ ሁለት ዕቃዎች ውስጥ ያልፋል ማለት ነው። ስለዚህ ገመድ ሲወልቅ ምን እንደሚሆን ማወቅ የእኛም ጉዳይ ነው።

ድራይቨር የሚለው ቃል ሲነሣ ብዙዎቻችን የሚታየን ቡና ጭኖ ወደ ዲላ የሚወርደው የአይሱዙ ሾፌር ነው። በኮምፒውተር ዘንድ ግን ድራይቨር ማለት ከአንድ ዕቃ ጋር የሚነጋገር፣ የዕቃውንም ቋንቋ ለቀረው ሥርዓት የሚያስተረጉም ፕሮግራም ነው። የሊኑክስን ምሳሌ የምወስደው ኮዱ ለሁሉ የተከፈተ በመሆኑ ነው። ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለው የፊንላንድ ተማሪ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1991 ዓ.ም. ሲጀምረው ዕድሜው 21 ዓመት ነበር፤ ከእኛ በሦስት ዓመት ብቻ ይበልጣል።

በአገራችን በወርቃ የቡና ለቀማ ወራት ሲደርስ በእሸት ቡና መረከቢያው ሚዛን ፊት የሚቆመውን ሰልፍ ሁላችንም እናውቀዋለን። አንድ ገበሬ ድንገት ሰልፉን ጥሎ ቢሄድ ብልህ መዛኝ ምን ያደርጋል? ሒሳቡን ይዘጋለታል፣ ቁጥሩን ይሰርዛል፣ ቀጣዩን ይጠራል። ሊኑክስም እንዲሁ ያደርጋል። የዩኤስቢ ኪቦርድ ሲነቀል መሰኪያው በመስመሩ ላይ ያለውን ለውጥ ዐውቆ ይናገራል፤ ድራይቨሩም የመሰናበቻ ሥራውን እንዲፈጽም ይጠራል። በዚያ ሰዓት አንድ ፊደል ተጭኖ የነበረ እንደ ሆነ ሥርዓቱ ራሱ «ተለቋል» ብሎ ይመዘግብለታል። ይህን ባያደርግ ኖሮ ጣታችን የነካት «ሀ» ያለ ማቋረጥ እየተደጋገመች ገጹን በሞላችው ነበር። ይህን ያሰበው ሰው ማን እንደ ሆነ አላየሁትም እንጂ ባገኘው ቡና አፈላለት ነበር።

ታዲያ በዲላ የደረሰብኝ ለምንድን ነው? ከሳምንት በኋላ አሠልጣኙ ቁጣቸው ሲበርድ ለምኛቸው የፕሮግራሙን ኮድ አብረን አየነው። ፕሮግራሙ ኪቦርዱን በቀጥታ፣ በቁጥሩ ከፍቶ የሚያነብ ነበር። ገመዱ ሲወልቅ ሊኑክስ «እንዲህ ያለ መሣሪያ የለም» ሲል በሚገባ ነግሮታል። ፕሮግራሙ ግን መልሱን ሳይሰማ በዚያው ቁጥር ደጋግሞ ይጠይቃል፤ የማራገቢያው ጩኸት ከዚህ የመጣ ነው። አሮጌውንም ጨብጦ ስላልለቀቀ፣ መልሼ የሰካሁት ኪቦርድ በር ላይ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ጥፋቱ የእኔም የድራይቨሩም አልነበረም። አሠልጣኙ ጥቂት መስመሮች ጨመሩበት፤ ይኸውም «የለም» ሲባል እንዲዘጋ፣ ቈይቶም ኪቦርዱን በቁጥሩ ሳይሆን በተሰካበት ቦታ ፈልጎ እንዲከፍት ነው። ከዚያ በኋላ በገዛ እጃቸው ነቅለው ሰኩት፤ እኔም ጻፍኩበት።

የቀድሞው ክብ መሰኪያ፣ ፒኤስ ቱ የሚባለው፣ ጠባዩ ሌላ ነው። ይህ በ1987 እ.ኤ.አ. ከአይቢኤም ኩባንያ የወጣ ሲሆን፣ ኮምፒውተሩ እየሠራ ሳለ እንዲነቀል ታስቦ የተሠራ አይደለም። ስለዚህ «ይህን አትንኩ» የሚሉ አስተማሪዎች እውነት አላቸው። ሆኖም የሊኑክስ ድራይቨር ለዚህም ይጠነቀቃል። ማውስ አዲስ ኃይል ሲያገኝ «ደኅና ነኝ» የሚል አጭር ምልክት ይልካልና፣ ድራይቨሩ በሥራ መካከል ይህን ሲሰማ ማውሱ ወልቆ እንደ ተመለሰ ተረድቶ እንደገና ያዘጋጀዋል። የሚያስፈራው ሙሉ በሙሉ ያልወለቀው፣ የላላው ነው። ተራ ማውስ መልእክቱን በሦስት በሦስት ባይት ይልካል፤ አንዱ በመንገድ ከጠፋ ሁለተኛው እንደ አንደኛ ይነበባል። ያን ጊዜ ቀስቷ ወደ ማእዘን ትዘላለች፤ አልፎ አልፎም ያልጫንነውን ትጫናለች። በፈተና ላይ «ለ»ን ሳስብ «መ» ቢመረጥብኝ ማንን እከሳለሁ?

ከዚህ ቀደም ብሎ በ2008 እ.ኤ.አ. ወደ አገራችን ለሕፃናት የመጡት ትንንሾቹ አረንጓዴና ነጭ ላፕቶፖች በሊኑክስ የሚሠሩ ነበሩ። የነዚህ ላፕቶፖች የጣት ሰሌዳ ቀስቷን ያዘልል ስለ ነበር ሰሌዳው ራሱን እንደገና እንዲያስተካክል የሚያዝ ልዩ ድራይቨር ተጻፈለት፤ ልጁ ጣቱን ሳያነሣ ቢቀር እንኳ ማስተካከሉን እንደገና ይጀምራል። ሕፃን ሕፃን መሆኑን ያወቀ ሰው የጻፈው ነው።

እኔ የምቃወመው «የተነካ ሁሉ የተማሪ ጥፋት ነው» የሚለውን አስተሳሰብ ነው። አንዳንድ ጓደኞቼ «አዲስ ኪቦርድ ይገዛ» ይላሉ። አዲሱም ገመድ አለው፤ መሰኪያውም በብዙ እጅ ይላላል። የምጠይቀው ሌላ ነው። በፈተና መለማመጃ ቀን እያንዳንዱ ተማሪ በአስተማሪ ፊት የዩኤስቢ ኪቦርዱንና ማውሱን አንድ ጊዜ ነቅሎ ይስካ፤ የጀመረው መልስ እንዳለ መቆየቱና ጽሕፈቱ መቀጠሉ ይታይ፤ ያልተመለሰው ኮምፒውተር ቁጥሩ በወረቀት ይመዝገብ። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ከሰዓት በኋላ ነው፤ መብራት ካለ።