የሌሊት ተረኛ ይተኛ

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ተኝቶ የተገኘ ተረኛ በብዙ መሥሪያ ቤቶቻችን የሚጠብቀው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ነው። ጥበቃ ይሁን ነርስ፣ የፋብሪካ ሠራተኛ ይሁን የአምቡላንስ ሹፌር፣ አለቃው የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ደመወዝ የሚከፈልህ ልትተኛ ነው እንዴ?» የዚህ ጋዜጣ መልስ፣ አዎ፣ በከፊል ለመተኛትም ይከፈለው የሚል ነው። ሌሊቱን በሚዘልቅ ፈረቃ ውስጥ ሰዓቱ የታወቀ፣ አልጋው የተዘጋጀ፣ ተተኪው የተመደበ እንቅልፍ የሥራው አካል ሆኖ በሕግ ሊደነገግ ይገባል። ዋናው ምክንያታችን የሠራተኛው ልብ ነው።

ጤነኛ ሰው ሌሊት ሲተኛ የደም ግፊቱ ቀን ከነበረበት ከ10 እስከ 20 በመቶ ይወርዳል፤ የልቡም ምት ይረጋጋል። ልብና የደም ሥሮች በቀን ውስጥ ሸክም የሚቀልላቸው በዚያ ሰዓት ነው። ገበሬ እንኳ ቀትር ላይ ቀንበሩን አውርዶ በሬውን ያሳርፋል። ክንድ ላይ ታስሮ በሚያድር መለኪያ የተደረጉ ክትትሎች እንደሚያሳዩት፣ ሌሊት ግፊታቸው የማይወርድላቸው ሰዎች ለልብ ሕመምና ለስትሮክ ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው። አዳር የሚሠራ ሰው ይህ ዕረፍት ይጎድልበታል። ሰውነቱን የሚያነቁት ሆርሞኖች ጋብ አይሉም፤ እንቅልፍ እንዳይጥለው ቡና ይደጋግማል፤ ሰውነቱ ስኳርን በወጉ በማያስተናግድበት ሰዓት ይበላል። ጠዋት ቤቱ ሲገባ ደግሞ ፀሐይ ወጥታለች፣ ልጅ ያለቅሳል፣ ስልክ ይጮኻል፣ የሰፈር ለቅሶም አይቀርም። ቀን የሚተኛት እንቅልፍ አጭርና የተቆራረጠች ናት፤ የሌሊቷን አትተካም።

ጉዳቱ ግምት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣና 34 ጥናቶችን፣ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ያጠቃለለ ትንተና በፈረቃ የሚሠሩ ሰዎች በድንገተኛ የልብ ሕመም የመያዝ ዕድላቸው በ23 በመቶ ከፍ ያለ ሆኖ አግኝቶታል። አሜሪካውያን ነርሶችን ለ24 ዓመታት የተከታተለው፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናትም በሚቀያየር የሌሊት ፈረቃ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ በሠሩት ላይ ከ15 እስከ 18 በመቶ ጭማሪ አሳይቷል። አንድን ሰው ለብቻው ብናየው ጭማሪው ያን ያህል አያስደነግጥም። በየሆስፒታሉ፣ በየፋብሪካውና በየበሩ በሚያድረው ሕዝብ ሲባዛ ግን ብዙ ሕይወት ነው።

ታዲያ በአዳር መሃል ጎንን ማሳረፍ ይህን ያስተካክላል ወይ? እዚህ ላይ ከማስረጃው በላይ መናገር አንፈልግም። ከአሜሪካ የአምቡላንስ ሠራተኞች ላይ የተወሰዱ ልኬቶች ነቅተው በሚያድሩበት ጊዜ የግፊቱ መውረድ እንደሚደበዝዝ፣ በመሃል ደህና አድርገው ለተኙት ግን እንደሚመለስላቸው ጠቁመዋል። ይህ ግን የግፊት ልኬት እንጂ «ስንት ሰው ከሞት ዳነ» የሚል ቆጠራ አይደለም። ከዚህ ተቃራኒ የሚመስል ግኝትም አለ። ቀን ቀን ከአንድ ሰዓት በላይ የመተኛት ልማድ ያላቸው ሰዎች የልብ ሕመም በርከት ብሎ የታየባቸው ጥናቶች አሉ፤ አንዳንድ አለቆችም ይህን መጥቀስ ይወዳሉ። ነገር ግን ሌሊት የተኛ ሰው በቀኑ ላይ የሚጨምረው እንቅልፍ ሌላ፣ ሌሊቱን የተቀማ ሰው የሚያገኛት ሽልብታ ሌላ ነው። ቀን አብዝቶ የሚተኛውም ብዙ ጊዜ ቀድሞውኑ ሕመም ያደከመው ሊሆን ይችላል።

ንቃትን በተመለከተ ክርክሩ ካለቀ ቆይቷል። ናሳ እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው ሪፖርት፣ በረጅም በረራ መሃል 40 ደቂቃ ዕረፍት የተሰጣቸው አብራሪዎች በአማካይ 26 ደቂቃ ያህል ተኝተው፣ ካልተኙት ይልቅ ንቁ ሆነው ተገኝተዋል። በጃፓን ሆስፒታሎች 16 ሰዓት ያህል በሚዘልቀው የነርሶች አዳር ውስጥ ሁለት ሰዓት አካባቢ የመተኛ ጊዜ መመደብ የተለመደ ነው። አውሮፕላን የሚያበር ሰው በተራው ሲተኛ ካልተደናገጥን፣ የመጋዘን ዘበኛ ሸለብ ሲያደርግ የምንቆጣበት ምክንያት አይገባንም።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሌሊት ከቀን እንደሚለይ አሳምሮ ያውቃል። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት ከመደበኛው ክፍያ በ1.75 ተባዝቶ እንዲከፈል ያዛል፤ ነፍሰ ጡር ሴቶችንና ወጣት ሠራተኞችን በእነዚያ ሰዓታት ማሠራትን ይከለክላል። የሌሊቱን ዋጋ በብር ተምኗል፤ በመደበኛ ፈረቃው የሚያድረውን ሰው ልብ ግን እንዲሁ ትቶታል። የመንግሥት ሆስፒታል ነርስ ደግሞ የምትተዳደረው በመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ስለሆነ ይህ አዋጅ ቢሻሻል እንኳ አይደርሳትም። ስለዚህ ሥራው የአንድ ሚኒስቴር ብቻ አይደለም።

ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ከጤና ሚኒስቴር ጋር ሆኖ መመሪያ ያውጣ። ስምንት ሰዓት በሚዘልቅ የሌሊት ፈረቃ ከግማሽ ሰዓት የማያንስ፣ 12 ሰዓትና ከዚያ በላይ በሚዘልቀው ደግሞ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት የሚደርስ፣ ከደመወዝ የማይቆረጥ የመኝታ ጊዜ ይመደብ። ቦታው ጨለማ፣ ፀጥ ያለ፣ አልጋና ብርድ ልብስ ያለው ይሁን፤ ወንበር ላይ አንገት ሰብሮ ማንጎላጀት እንቅልፍ ተብሎ አይቆጠር። ከከባድ እንቅልፍ የተነሣ ሰው ለጥቂት ጊዜ ይደነዝዛልና፣ እንደነቃ መርፌ እንዲወጋ ወይም መሪ እንዲጨብጥ አይደረግ፤ 20 ደቂቃ ያህል ይሰጠው። ሌሊት የሚሠራ ሁሉ በዓመት አንድ ጊዜ በአሠሪው ወጪ የደም ግፊቱና የስኳሩ መጠን ይለካለት። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጣው የሌሊት ሥራ ስምምነት ሠራተኛው ሲጠይቅ ያለ ክፍያ የመመርመር መብት ሰጥቶታል፤ አዲስ ነገር እየጠየቅን አይደለም።

አሠሪዎች «ተተኪ ከየት እናምጣ?» ማለታቸው አይቀርም። አግባብ ያለው ጥያቄ ነው፤ በተለይ አንድ ዘበኛ ብቻውን በሚያድርበት ግቢ። ብቻውን ያለ ጥበቃ ይተኛ አንልም። እዚያ መፍትሔው ሁለተኛ ሰው መቅጠር ወይም ፈረቃውን ማሳጠር ነው፤ ሁለቱንም የማይችል ድርጅት አሁን ወጪውን በሠራተኛው ጤና እየከፈለ መሆኑን ይወቅ። ሌላም ስጋት አለን። አልጋ ተዘጋጅቷል ተብሎ የሐኪሞች ዲዩቲ ይበልጥ እንዳይረዝም። በመሃል የተኙት አንድ ሰዓት ከሃያ አራት ሰዓት በላይ የዘለቀን ሥራ ጤናማ አያደርገውም፤ መመሪያው የፈረቃውን ጣሪያም አብሮ መወሰን አለበት።

መመሪያው እስኪወጣ ድረስ ግን መጠበቅ አያስፈልግም። የሆስፒታል ሜትሮኖች፣ የፋብሪካ ሥራ አስኪያጆችና የጥበቃ ኤጀንሲ ኃላፊዎች ተራ የማውጣት ሥልጣኑ ዛሬም በእጃቸው ነው። በሚቀጥለው ወር የተረኞች መርሐ ግብር ላይ የመኝታ ሰዓት ያስገቡ፤ ተኝቶ ስለተገኘ ብቻ የሚጻፈውንም ደብዳቤ ያቁሙ።