የኮምፒዩተር ባለሙያን ስለ መጠየቅ

የንግድ ሥራ ዛሬ በብዕርና በመዝገብ ብቻ የሚካሄድ እንዳልሆነ አንባብያን ሁሉ የሚያውቁት ነው። ሒሳቡ በፒችትሪ ወይም በኤክሴል ይያዛል፤ የደንበኛው ክፍያ በግንቦት 2013 ዓ.ም. በተጀመረው በቴሌብር ይገባል፤ አስመጪውና ላኪውም ፈቃዱን በ2012 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው በኤሌክትሮኒክ የአንድ መስኮት አገልግሎት ይጠይቃል። እነዚህ መሣሪያዎች በደኅና ሲሠሩ ድካምን ያቀልላሉ። ሲያስቸግሩ ግን፥ እንደኛ በሺሺንዳ የሚነግድ ሰው ባለሙያውን የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ ከቦንጋ፥ ከጅማ ወይም ከአዲስ አበባ በስልክ ነው። ባለሙያው መሣሪያውን በዐይኑ አያየውም፤ የሚያየው በኛ ቃል ነው። ስለዚህ ቃላችን ጎዶሎ ከሆነ ርዳታውም ጎዶሎ መሆኑ አይቀርም።

ዘወትር የሚሰማው አቤቱታ «ኮምፒዩተሩ እምቢ አለ» የሚል ነው። ይህም ሐኪም ፊት ቀርቦ «አሞኛል» ብሎ ዝም እንደ ማለት ይቈጠራል። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ማለታቸው ለዚህም ይሠራል። ባለሙያው ደጋግሞ ሲጠይቅ፥ ስልኩ ሲቋረጥ፥ መብራቱ ሲጠፋ፥ በአንድ ሰዓት ያልቅ የነበረው ጉዳይ ሦስት ቀን ይፈጃል። በዚህም መካከል የተጫነው ቡና ሰነዱን፥ ቡናውን ያስረከበው ገበሬም ገንዘቡን ይጠብቃል።

በሚገባ የተዘጋጀ ጥያቄ አምስት ነገሮችን ይዞ ይቀርባል። አንደኛ፥ ልንሠራው ያሰብነው ምን እንደ ነበረ፤ ሁለተኛ፥ የተጫንነውን ሁሉ በቅደም ተከተሉ፤ ሦስተኛ፥ በስክሪኑ ላይ የወጣውን የስሕተት ቃል ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ፥ ቢቻል በፎቶግራፍ፤ አራተኛ፥ ችግሩ ከመድረሱ በፊት የተለወጠ ነገር ካለ፤ አምስተኛ፥ እስካሁን የሞከርነውን መፍትሔ። የፕሮግራሙ ስምና የስንተኛው ዕትም መሆኑም አይዘንጋ። በአገራችን ፒችትሪ እየተባለ የሚጠራው ፕሮግራም በኋላ ሴጅ 50 የሚል ስም ስለ ተሰጠው፥ በአንድ ስም ሁለት የተለያዩ ዕትሞች ሊጠሩ ይችላሉ።

ለኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ የቀንና የሰዓት ነገር የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። «ከሦስት ሰዓት ጀምሮ አልሠራም» ስንል፥ የኮምፒዩተሩ ሰዓት ግን 9 ይላል። ጥቅምት 30ን «30/2» ብሎ በኤክሴል የሚጽፍ ጸሐፊም የካቲት 30ን ለማያውቀው ለፈረንጆች አቈጣጠር እየጻፈ ነው፤ የፈረንጆች ሁለተኛ ወር ሠላሳ ቀን የለውምና። ፕሮግራሙ ያንን እንደ ቀን ሳይሆን እንደ ተራ ጽሑፍ ይይዘዋል፤ በቀን ሲደረደርም ቦታውን ይስታል። «ሒሳቡ ተዛባ» ብቻ የተባለ ባለሙያ ይህን ከየት ያውቀዋል? «ቀኑን የጻፍነው በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው» የምትለው አንዲት ዐረፍተ ነገር የአንድ ቀን ልፋት ታድናለች።

የቡና ላኪዎች ነገር ከዚህ የከበደ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው የደን ጥበቃ ሕግ ቡና የበቀለበት ማሳ የሚገኝበት ነጥብ በኬክሮስና በኬንትሮስ እንዲመዘገብ ታዟል፤ ከ4 ሄክታር በላይ የሆነው ማሳም ዙሪያው እንዲሣል ያስፈልጋል። የሕጉ መጀመሪያ ቀን ቢራዘምም ሥራው አይቀርልንም። የከፋ ምድር ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 7፥ በምሥራቅ ደግሞ 36 ዲግሪ አካባቢ ይገኛል። ሁለቱ ቍጥሮች ቦታ ቢለዋወጡ የከፋ ገበሬ ማሳ በካርታው ላይ በአልጄሪያ ይታያል። እንግዲህ «ካርታው አልተቀበለንም» ከማለት ይልቅ፥ ያስገባነውን አንድ መስመር ቍጥር እንዳለ ልኮ «ይህን ጻፍን፤ ይህ ወጣ» ማለት ምን ያህል እንደሚሻል አንባቢው ይፍረድ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ጠያቂው ማን ይሁን የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ ችግሩን ያየው ጸሐፊ ወይም የሱቅ ሠራተኛ ሲሆን ስልክ የሚደውለው ባለንብረቱ ነው። ነገሩም ከአፍ ወደ አፍ ሲሻገር መልኩን ይለውጣል። ከዚህም የባሰ፥ ሠራተኛው ቍጣን ወይም የደመወዝ ቅጣትን ፈርቶ የተጫነውን ይደብቃል፤ «ምንም አልነካሁም» ይላል። ባለሙያውም በሐሰት መረጃ ላይ ተመሥርቶ በሌለበት ቦታ ይፈልጋል። እውነቱን የሚናገር ሠራተኛ የማይቀጣበት ሱቅ ብልሽቱ ቶሎ ይጠገንለታል። ጌቶቻችን ይህን እንዲያስቡልን በትሕትና እለምናለሁ።

በግልጽ መናገር ማለት ግን ሁሉን መግለጥ ማለት አይደለም። የይለፍ ቃልና የቴሌብር ምስጢር ቍጥር ለማንም አይነገርም፤ ይህን የሚጠይቅ «ረዳት» ረዳት ላይሆን ይችላልና። ጥገና ከመጀመሩም አስቀድሞ የመዝገቡ ቅጂ በሌላ ዕቃ ላይ ይቀመጥ።

«ገንዘብ ከፍያለሁ፤ ማወቅ የርሱ ፈንታ ነው» የሚሉ ነጋዴዎች አሉ። በከፊል እውነት አላቸው። ባለሙያውም በትዕግሥት መስማት፥ ያደረገውንም በምንረዳው አማርኛ መግለጽ ግዴታው ነው። ነገር ግን ልብስ የሚያሰፋ ሰው ገንዘብ ስለ ከፈለ ልኩን ከመስጠት አይድንም።

ስለዚህ በየሱቁና በየመጋዘኑ የብልሽት መዝገብ የሚሆን አንድ ደብተር ይቀመጥ፤ ቀኑ፥ የታየው ነገርና የተገኘው መፍትሔ ይጻፍበት። የንግድ ምክር ቤታችንም ከላይ የተዘረዘሩትን አምስት ጥያቄዎች የያዘ አንድ ገጽ ቅጽ በአማርኛ አሳትሞ ለአባሎቹ ቢያድል፥ ወጪው ጥቂት፥ ጥቅሙ ግን ለሁላችንም የሚተርፍ ይሆናል።